ካልወረድክ አሞግስሃለሁ

ሰው ሲሠራ ቆሞ ማየት ሥራ ነው ብትባሉ ትስቁ ይሆናል። እኔም ስቄ ነበር። ያውም በደመወዝ! ስቄ ስጨርስ ቀና ብዬ ሳይ አለቃዬ አልሳቀም፤ ነገሩ የምር መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የገባኝ ነገር ግን ብዙም የለም።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ ነው። አቃቂ ያኔ ከአዲስ አበባ ተለይታ ለብቻዋ ከተማ ነበረች፤ ሰውም ሰዓቱን የሚያውቀው በባቡሩ ፉጨትና በፋብሪካው ጡሩምባ ነው። እኔ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የመጋዘን ኃላፊው ረዳት ነበርኩ። ኃላፊው አዘውትሮ ስለሚቀር የምረዳው ሰው አልነበረኝም። ስለዚህ ከመጋዘኑ በር አጠገብ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ እቆምና ተሸካሚዎቹ የአቡጀዲ ጣቃ በትከሻቸው ይዘው ሲወጡ ሲገቡ አያለሁ። ሥራ ፈት ነበርኩ ማለት ነው። ኮት ስለምለብስ ግን ሥራ ፈት አልመስልም።

አንድ ቀን ጣሪያ ሊነካ የደረሰ የጣቃ ቁልል ተናደ። ሰው ከሥሩ አልነበረም እንጂ ጉድ ፈልቶ ነበር። ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ መጣ። ሰውዬው ፈረንጅ ነው፤ ሁላችንም ሙሴ እንለዋለን። ግሪክ ነው የሚሉ አሉ፣ የለም አርመን ነው የሚሉም አሉ፤ ሲናደድ የሚናገረውን ቋንቋ ግን ግሪኮቹም አርመኖቹም አናውቀውም ብለዋል። አቧራው ሳይረጋ ግራ ቀኙን ቃኘና ዓይኑ እኔ ላይ ዐረፈ። ሰው ሁሉ ሲራወጥ እኔ እጄን እንዳጣመርኩ ቆሜያለሁ።

«አንተ ሁልጊዜ ቆሞ ያያል» አለኝ።

«ኧረ ዛሬ ብቻ ነው፣ ሙሴ።»

«የለም፣ የለም! ጥሩ ነው! አንተ ጥሩ ያያል። ከዛሬ ሥራህ ማየት ነው።»

ቢሮው አስገብቶ አስረዳኝ። በእሱ አገር ሰው በሥራ ላይ እንዳይጎዳ አንድ ሰው ተመድቦ ሠራተኛውን ያያል። ዕቃ ሲያነሳ በወገቡ ሳይሆን በጉልበቱ የሚያነሳውን ያያል፤ ከቁልል ሥር የማይቆመውን ያያል፤ ጥጥ ባለበት የማያጨሰውን ያያል። ያጠፋውን አይሰድብም። ደህና የሠራውን ግን እዚያው በቆመበት፣ ሰው እየሰማ ያሞግሰዋል። «ሰው ሲሞገስ ጥሩውን ይደግማል» አለኝ። «መቆጣት የለም። አሞግስ። ድምፅህ ትልቅ ይሁን።» ይህን ብሎ አንድ የካኪ ካፖርትና በክንዴ ላይ የማስረው አረንጓዴ ጨርቅ ሰጠኝ።

ሥራው የመጣልኝ በደህና ጊዜ ነበር። የተሸካሚዎቹ ካቦ ጋሽ ደበላ የሚባሉ፣ ከአቃቂ ወንዝ ማዶ ካለው የገበሬ መንደር የሚመጡ፣ ትከሻቸው የሰፋ፣ ቃላቸው ጥቂት የሆነ ሰው ናቸው። ብዙነሽ የምትባል ልጅ አለቻቸው። ምሳ ልታደርስላቸው ስትመጣ ካየኋት ጀምሮ እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ እሷም በሩ ጋ ስትደርስ እርምጃዋ ይዘገይ ነበር። ሽማግሌ ላክሁ። ጋሽ ደበላ ሽማግሌዎቹን አብልተው አጠጥተው፣ «ልጁን አውቀዋለሁ፤ በር ላይ ቆሞ አየዋለሁ። እስኪ ሲሠራ ደግሞ ልየው። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ተመለሱ» ብለው ሸኟቸው። የምሠራው ሥራ ስላልነበረኝ ይህ መልስ አስጨንቆኝ ነበር። አሁን ግን እኔ ተሸካሚዎቹን አያለሁ፣ እሳቸው ከኋላ ሆነው እኔን ያያሉ። ከዚህ የተሻለ ነገር ከየት ይመጣል አልኩ።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት የማሞግሰው ሰው ፍለጋ ስዞር ዓይኔ ከድር ላይ ወደቀ። ከድር የስልጤ ልጅ ነው፤ ዘመዶቹ ሁሉ ባለሱቅ ሲሆኑ እሱ ቁጭ ብሎ ስኳር መመዘን አልወድም ብሎ መሸከም የመረጠ። ቁጢጥ አለ፣ ጣቃውን ደረቱ ላይ አስጠጋ፣ ወገቡን ሳያጎብጥ በጉልበቱ ተነሣ። ሙሴ ያለው ሁሉ ከድር ላይ ተፈጸመ። ተጠጋሁና ዓይኔን ተከልኩበት።

«ከድር!» አልኩ፣ መጋዘኑ እስኪያስተጋባ። «እንዴት ያለ ወገብ ነው! እንዴት ያለ ጉልበት ነው! እንዲህ ያለ ተሸካሚ በዓይኔ አይቼ አላውቅም!»

ከድር ቀጥ ብሎ ቆመ። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ሰውዬ፣ ማሻአላህ አትልም እንዴ?» አለኝ። አፉን ሳይዘጋ አንድ እርምጃ ቢራመድ መሬት ላይ የነበረ ገመድ ጠለፈውና ከነጣቃው ተዘረረ። ቁርጭምጭሚቱ ወዲያው አበጠ።

ይኼኔ የምታማትቡ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እናቴም ብትኖር ታማትብ ነበር። እኔ ሕፃን ሳለሁ የሰፈር ሴት «ምን ያምራል!» ካለች፣ ቀጥላ «ከዓይን ያውጣው» እስክትል ድረስ እናቴ ከደጃፍ አታሳልፋትም ነበር አሉ። ይህን እያወቅሁ እንዴት ረሳሁት? ካፖርቱ ነው መሰለኝ። ሰው ካኪ ካፖርት ሲለብስ ከእናቱ የሰማው ነገር ኪሱ ውስጥ ይቀራል። ደግሞም ሙሴ ካስተማረኝ ውስጥ ከዓይን ያውጣህ የሚል አልነበረም።

አጋጣሚ ነው ብዬ ቀጠልኩ። ከሰዓት በኋላ አንዱ ጋሪውን ሳይሮጥ ረጋ ብሎ ሲገፋ አየሁና «እንዴት ያለ የሰከነ ሰው ነው!» አልኩት። የጋሪው ጎማ ወልቆ ለብቻው እየተንከባለለ በበሩ ወጥቶ ሄደ፤ ያገኘነው ባቡር ሐዲዱ አጠገብ ነው። በማግስቱ ደግሞ ሲጋራውን ሊያጨስ ከመጋዘኑ ወጥቶ ከግቢው ዳር የቆመውን ሰውዬ አሞገስኩት። ጢሱ ትን አለውና ሲስል ውሎ ሲስል ወደ ቤቱ ሄደ። ዞር ስል ጋሽ ደበላ ከኋላዬ ቆመው አገጫቸውን እያሻሹ ያዩኛል።

በሳምንቱ መጨረሻ ምሳ ሰዓት ላይ ተሸካሚዎቹ ወደሚበሉበት ግራር ሥር ሄድኩ። ቀድሞ እዚያ ስደርስ «እንብላ!» የማይለኝ አልነበረም። ያን ቀን ገና ከሩቅ ሲያዩኝ አንዱ በነጠላው፣ አንዱ በባርኔጣው፣ አንዱ በሁለት እጁ ምሳቸውን ሸፈኑ። ሽሮ ነበር፤ ጾም ስለሆነ ከሽሮ ሌላ የሚሸፈን ነገር አልነበረም። ሰላምታ ሰጠሁ። ሰላምታዬን መለሱልኝ፣ ሽፋኑን ግን አላነሱም። ዞር ብዬ ግድግዳ ተደግፌ ብቻዬን በላሁ። ያ ነገር እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤን ነው የነካኝ።

የባሰው ቀጥሎ መጣ። ደህና የሠራ ይሞገሳል፣ የተሞገሰ ይወድቃል፤ ስለዚህ ደህና አለመሥራት ነው ብለው ተማከሩ። እኔ ብቅ ስል ወገቡን ቀጥ አድርጎ የነበረው ይጎብጣል። ቀስ ብሎ ይራመድ የነበረው ይሮጣል። መሰላል የያዘው መሰላሉን ጥሎ በቁልሉ ላይ እንደ ጦጣ ይንጠላጠላል። ሰው ከሥሩ ሊቆምበት የማይገባ ቁልል ሁሉ ሥሩ ሰው ሞላበት። ሙሴ ከቢሮው ወርዶ ይህን አየና ባርኔጣውን አወለቀ።

«አንተ ከመጣ በኋላ ሁሉ ሰው አበደ» አለኝ። «ምን ትነግራቸዋለህ?»

«ያሉኝን ነው፣ ሙሴ። አሞግሳለሁ።»

«ትንሽ ነው የምታሞግሰው ማለት ነው። ጨምር!»

እኔ ራሴ ግራ ገባኝ። ዓይኔ እውነት ከባድ ይሆን? ሰው የገዛ ዓይኑን እንዴት ይመዝነዋል? ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ «እንዴት ያለ ቆንጆ ሰው ነው» አልኩት፤ በማግስቱ ጉንፋን ያዘኝ። ይህ ብቻ አይበቃም ብዬ የቤት አከራዬን አውራ ዶሮ አተኩሬ አየሁና «እንዴት ያለ ጎበዝ ዶሮ ነው!» አልኩት። በማግስቱ ዶሮው የለም። ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ፋሲካ መሆኑ ትዝ ያለኝ አከራዬ ወጡን ይዛልኝ ስትመጣ ነው። ብልቱ ሁሉ ተሟልቶ ነበር፤ በልቼ ስጨርስም ነገሩ አልተፈታልኝም።

ከበዓሉ መልስ መድኃኒቱን ልሞክር አልኩ። አንዱን ሳሞግስ «ከዓይን ያውጣህ!» ብዬ ጨመርኩ። ሰውዬው ሸክሙን አስቀምጦ «አያችሁ? ራሱም ያውቀዋል!» አለ። እንዲያ ከሆነ ብዬ ሽማግሌ እንደሚመርቀው እትፍ እትፍ ማለት ጀመርኩ። ይኼን ደግሞ ሙሴ በመስኮቱ አየው። ሠራተኛውን በየተራ እያሞገስኩ ስተፋበት ሲያይ ምን እንዳሰበ እግዜር ይወቅ፤ ብቻ ያን የማይታወቅ ቋንቋውን እየተናገረ መጣና ከአቡጀዲው አጠገብ ገፈተረኝ።

ያን ዕለት ተናድጃለሁ። በዚህ ላይ አንዱ ተሸካሚ እንዳላሞግሰው ብሎ ከቁልሉ ጫፍ ወጥቶ ከአንዱ ቁልል ወደ ሌላው ሲዘል አየሁት። ቢወድቅ አንገቱ ነው። ውረድ አልኩት፣ እንቢ አለ። በእግዜር ብዬ ለመንኩት፣ እንቢ አለ። ከአፌ ያመለጠኝ ያኔ ነው።

«ካልወረድክ አሞግስሃለሁ!»

ወረደ። በመሰላሉ ነው የወረደው፤ ያውም በሁለት እጁ ይዞ፣ እያንዳንዱን እርከን እየረገጠ።  በዕድሜዬ ሰው እንዲህ ታዝዞልኝ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት ብታዩት! የሚሮጠውን ጉሮሮዬን ጠረግ አድርጌ «እንዴት ያለ...» ብዬ ስጀምር ይረጋል። ከቁልል ሥር የቆመው፣ አፌን ስከፍት ብቻ ዘወር ይላል። ደህና የሠራውን ደግሞ «አንተ የማትረባ! አያያዝህ አያምር፣ ወገብህ አያምር!» እለዋለሁ፤ ሰውዬው ፊቱ እየበራ «እግዜር ይስጥልኝ» ይለኛል። ሙሴ አማርኛው ስድብ ላይ ስላልደረሰ የሰማው ምስጋናውን ብቻ ነው። የወደቀ ሰው የለም፣ የተናደ ቁልል የለም። ሙሴ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ «አየህ? ማሞገስ ነው!» ይለኛል። እኔም «አዎ ሙሴ» እላለሁ እንጂ ከየት ጀምሬ ላስረዳው?

ዓርብ ቀን ጋሽ ደበላ ወደ ጥግ ጠሩኝ። ተደሰቱ ብዬ ነበር።

«ሥራህን አየሁ» አሉኝ። «ሰው ደህና ይሠራል። ፈርቶህ ነው የሚሠራው።»

«ጋሼ፣ ዋናው እንዳይጎዱ...»

«ቆይ ልጨርስ። አንተን ክፉ ነህ አልልም። ግን ብዙነሽን ሰው ምሳውን የሚሸፍንበት ሰው ቤት እንዴት አስገባታለሁ? ነገ ትወልዳለች። አንተ ደግሞ አባት ነህና ልጅህን ብድግ አድርገህ አይተህ፣ እንዴት ታምራለች ሳትል ትቀራለህ?»

 ጉንፋኑን አሰብኩ፣ ዶሮውን አሰብኩ፣ የከድርን ቁርጭምጭሚት አሰብኩ። አልልም ብዬ ልምል ፈለግሁ፤ ግን ይህን የሚችል አባት የት አለ?

«ሽማግሌዎቹ በከንቱ እንዳይደክሙ ንገራቸው» ብለውኝ ሄዱ። በሩ ጋ ብዙነሽ ምሳ ይዛ ቆማለች። ቀና ብዬ ላያት ፈራሁና ወደ መሬት አየሁ። እሷ ጠላኝ ብላ ይሆናል፤ ይህን ሳስብ ደግሞ ሌሊቱን በሙሉ ተገላበጥኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሙሴ ሠራተኛውን ሁሉ መጋዘን ሰበሰበ። በሳምንቱ አንድም ሰው ባለመጎዳቱ ደስ ብሎታል። መሰላል ላይ እንዴት እንደሚወጣ ለሁሉም እንዳሳይ አዘዘኝ። ወጣሁ፤ እጄን በቦታው፣ እግሬን በቦታው እያደረግሁ፣ ፊቴን ወደ መሰላሉ አድርጌ ወጣሁ። ከላይ ስደርስ ሙሴ ወደ ጋሽ ደበላ ዞረ።

«ደበላ! አንተ ካቦ ነህ። እሱ ሁሉን ሰው አሞገሰ፣ እሱን ማንም አላሞገሰም። አሞግሰው!»

ጋሽ ደበላ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ወደ መሬት አዩ፣ ወደ ሙሴ አዩ፣ ከዚያ ወደ እኔ ቀና አሉ። መዋሸት አይችሉም፤ ትልቁ ችግራቸው ይኼ ነው።

«እንግዲህ...» አሉ፣ «እውነቱን ለመናገር ጎበዝ ልጅ ነው። ቀጥ ያለ ነው። እንዴት አድርጎ እንደሚወጣ አያችሁት አይደል?»

ቀጭ! የረገጥኩት እርከን ተሰበረ።

በአየር ላይ ሳለሁ የሰማሁትን አልረሳውም። መጋዘኑ በአንድ አፍ «እኔን!» አለ። ምሳውን የሚሸፍንብኝ ሁሉ፣ ሲያየኝ የሚጎብጠው ሁሉ «እኔን!» አለ። ከድር እያነከሰ ሮጦ ደረሰ። ከሁሉም በላይ የጋሽ ደበላ ድምፅ ተሰማኝ፤ «እኔን ልጄን! እኔን ይድፋኝ!» የወደቅሁት የተጠራቀመ ብጥስጣሽ ጨርቅ ላይ ነበርና ክንዴ ከመላላጡ በቀር ደህና ነኝ። ስነሣ ግን የሰው ሁሉ ዓይን ከእኔ ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ ጋሽ ደበላ ዞረ።

ምሳ ሰዓት ላይ ግድግዳዬን ተደግፌ ተቀምጬ ሳለሁ ጋሽ ደበላ ቋጠሯቸውን ይዘው መጥተው አጠገቤ ቁጭ አሉ። ግራሩ ሥር ምሳው ሁሉ ተሸፍኗል፤ በእኔ ብቻ ሳይሆን በእሳቸውም ላይ።

«ሳሞግስህ ወደቅህ» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«ታዲያ ዓይኔ ነው?»

«እንጃ። ጠዋት እኔም መሰላሉን መታ መታ አድርጌ፣ እንዴት ያለ ጠንካራ መሰላል ነው ብያለሁ።»

ይህን ሲሰሙ መጉረሱን ተዉት። ከድር የተሰበረውን እርከን ይዞ መጣና አሳየን። ውስጡን ነቀዝ ጨርሶታል።

«ነቀዝ ነዋ!» አልኩ፣ እፎይ ብዬ።

«ነቀዙ ስንት ጊዜ ኖሮ ለምን ዛሬ ሰበረው?» አለ ከድር። ሦስታችንም እንጨቱን አየን። 

ጋሽ ደበላ ብዙ አሰቡ። ወደ በሩ አዩ፤ ብዙነሽ ባዶውን ሳህን ልትወስድ እዚያ ቆማ ትጠብቃለች፣ ዓይኗ የተላላጠው ክንዴ ላይ ነው። ከዚያ ተነሡና ባርኔጣቸውን ደፍተው ወደ ግራሩ ጮኹ።

«ስሙ! ዓይኑ የኔ ነው! ከድር የወደቀ ጊዜ ከኋላ ማን ቆሞ ነበር? እኔ! ጎማው የወለቀ ጊዜስ? እኔ! ልጁን በሥራው ልየው ብዬ ከኋላው ጠፍቼ አላውቅም። እሱ አፉን ነው የከፈተው፣ ያየሁት እኔ ነኝ!»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። እውነት ነው፣ ሁልጊዜ ከኋላዬ ነበሩ። አንዱ ነጠላውን አነሣ፣ ሌላው ባርኔጣውን አነሣ። ከድር እያነከሰ ሄዶ ትልቅ ጉርሻ ይዞ መጣና አፌ ውስጥ ከተተው። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ጉርሻው ትልቅ ስለነበር ነው አልኳቸው።

«ጋሼ፣ ለምን እንዲህ አሉ?» አልኳቸው ቀስ ብዬ።

«አንተ ገና ትዳር ትይዛለህ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ሰው ምሳውን ቢሸፍንብኝ ምን እሆናለሁ? ብዙነሽ የምታመጣልኝ ይበቃኛል» አሉና እንደገና ተቀመጡ። «ሽማግሌዎቹን ላካቸው።»

ከዚያ በኋላ መጋዘኑን በጥንቃቄ ያሠሩት እሳቸው ናቸው። ቁልል ላይ የሚዘል ካዩ ድምፃቸውን ሳያነሱ «አሞግስሃለሁ» ይሉታል፤ ይበቃል። ዓይኑ የእሳቸው ይሁን፣ የእኔ ይሁን፣ የነቀዙ ይሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አንዳንዴ እውነታቸውን ነበር እላለሁ፤ አንዳንዴ ደግሞ ለእኔ ብለው የወደቁልኝ ውድቀት ነው እላለሁ።

የመጀመሪያ ልጃችን የተወለደች ጊዜ ጋሽ ደበላና እኔ ተከታትለን ገባን። ብዙነሽ ሽፋኑን ገለጥ አደረገችልን። እንዲህ ያለች ልጅ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። አፌን ልከፍት ስል እሳቸው ክንዴን ጨበጡኝ፤ የእሳቸውም ከንፈር ሲንቀጠቀጥ አየሁ። 

«ምንም አታምር» አሉ በመጨረሻ፣ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ።

«ምንም» አልኩ እኔም።